የመኪና ማሞቂያና የአየር መቆጣጠሪያን ፈትቶ በልኩ መልሶ ስለመግጠም

ጅማ ውስጥ መኪና የሚያሽከረክር ሰው የማሞቂያውንና የአየሩን መቆጣጠሪያ እንደ ቅንጦት ዕቃ ሊያየው አይገባም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝና በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ በመሆኗ፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ልብሳቸው የረጠበ አራት ሰዎች ገብተው በሩ ሲዘጋ የፊት መስታወቱ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በጉም ይሸፈናል። ያን ጉም በጨርቅ መወልወል ለአፍታ እንጂ አያዛልቅም፤ የሚያነሣው ወደ መስታወቱ የሚላክ ደረቅና ሞቅ ያለ አየር ነው። በሌላ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ የውጩ ሙቀት ስለሚጨምር፣ ጠዋት ጅማ ላይ የከፈተው ማሞቂያ አልዘጋ ካለው ጉዞው ሥቃይ ይሆንበታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመኪናዬን የማራገቢያ ፍጥነት መምረጫ ለማስቀየር ወደ አንድ ጋራዥ ወስጄ ነበር። ሥራው ቶሎ አለቀ፤ ማራገቢያው በሁሉም ፍጥነት ሲነፍስ አይቼ ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ። በሳምንቱ ከአጋሮ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ማዞሪያውን ወደ መስታወቱ ምልክት ባዞረው አየሩ ከእግሬ ሥር ብቻ ወጣ፤ ከፊቴ ያለውን መንገድ ማየት ስላልቻልሁ ዝናቡ እስኪያባራ መንገድ ዳር ቆሜ ለመጠበቅ ተገደድሁ። ቤቴ ደርሼ ስከፍተው የተቀየረው ዕቃ ደኅና ነበር፤ ጥፋቱ የአቅጣጫው ካቦ፣ ማለትም ማዞሪያውን ከአየሩ በር ጋር የሚያገናኘው የብረት ሽቦ፣ ከነበረበት ቦታ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ተዛንፎ በክሊፑ መያዙ ነበር። ከዚህ የተነሣ በጽሑፉ ውስጥ ደጋግሜ የማነሣው ጉዳይ አንድ ነው፤ መቆጣጠሪያውን ማውጣት ቀላሉ የሥራው ክፍል ሲሆን፣ ዋናው ሥራ ካቦዎቹን በትክክለኛ ልካቸው መመለስ ነው።

ምን እንደምንፈታ ማወቅ

መቆጣጠሪያው ራሱ ሙቀትም ነፋስም አያመነጭም፤ ሥራው ማዘዝ ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ በሾፌሩና በተሳፋሪው መካከል አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን አለ። በውስጡ የሞተሩ ሙቅ ውሃ የሚዞርበት ትንሽ ራዲያተርና የአየሩን መንገድ የሚወስኑ በሮች ይገኛሉ፤ አየሩን የሚገፋው ማራገቢያ፣ በተለምዶ ቬንትሌተር የምንለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በተሳፋሪው በኩል ከዕቃ ማስቀመጫው ሳጥን ጀርባ ይቀመጣል። አንደኛው በር አየሩ ከውጭ እንዲገባ ወይም የመኪናው የውስጥ አየር ተመልሶ እንዲዞር ያደርጋል፤ ሌላው ምን ያህሉ አየር በሙቁ ራዲያተር በኩል እንዲያልፍ ይወስናል፤ የቀሩት ደግሞ አየሩን ወደ ፊት፣ ወደ እግር ወይም ወደ መስታወት ይከፋፍላሉ። በአንዳንድ መኪኖች ከዚህ በተጨማሪ በሞተሩ ክፍል ውስጥ፣ ወደ ማሞቂያው በሚሄደው የውሃ ቱቦ ላይ የተገጠመ ቫልቭ አለ፤ እርሱም በካቦ ይታዘዛል።

ይህ መመሪያ በካቦ ለሚሠራው ዓይነት ነው፤ የቆዩ ኮሮላዎችን በመሳሰሉ መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኘው እርሱ ነው። የራስዎ መኪና የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩንና ቁልፉን አጥፍተው የሙቀቱን ማዞሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙሩት። እጅዎ ላይ የሚጎተት ነገር ከተሰማዎትና ከዳሽቦርዱ ውስጥ በር ሲዘጋ የሚመስል ድምፅ ከሰሙ በካቦ የሚሠራ ነው። ዲግሪን በቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ያለው፣ በሮቹንም በትናንሽ ሞተሮች የሚያንቀሳቅሰው ዓይነት አፈታቱ ቢመሳሰልም የአገጣጠም ልኩ ሌላ ስለሆነ፣ ለእርሱ የመኪናውን የጥገና መጽሐፍ መከተል ይገባል።

ካቻቢቴ ከማንሣት በፊት ጥፋቱን መለየት ብዙ ድካም ያድናል። ማራገቢያው በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚሠራና በሌሎቹ ጸጥ የሚል ከሆነ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመቆጣጠሪያው ሳይሆን የማራገቢያውን ፍጥነት ከሚቀንሰው ዕቃ፣ ከሬዚስተሩ ነው፤ ይህ ዕቃ በማራገቢያው አጠገብ በአየሩ መተላለፊያ ውስጥ ስለሚገኝ የመሀሉ ፓኔል መነካት አያስፈልገውም። በየትኛውም ፍጥነት የማይነሣ ከሆነ አስቀድሞ ባልቦላው (ፊውዙ) ይታይ። ማዞሪያው ያለ ምንም ክብደት ልል ሆኖ የሚዞር ከሆነ ካቦው ከመያዣው ወጥቷል ወይም ተበጥሷል፤ በተቃራኒው በጣም የሚከብድ ከሆነ ካቦው ዝጓል፣ ታጥፏል፣ ወይም በሩ ራሱ ተጣብቋል። መኪናው ውስጥ ጣፋጭ የሚመስል ሽታ ከመጣና መስታወቱ ላይ ቅባት መሰል ነገር ከታየ የሚያፈሰው የማሞቂያው ራዲያተር ነው፤ ያም ከዚህ የተለየና የከበደ ሥራ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ የተበላሸ ነገር ሳይኖር መስታወቱ እየላበ የሚያስቸግረው፣ ከከተማ ሲወጡ አቧራ ለመከላከል የውስጥ አየር ማዞሪያው ላይ የተተወው መምረጫ ሳይመለስ ስለሚቀር ነው። የተሳፋሪው ትንፋሽ እርጥበት እዚያው ስለሚዞር መስታወቱ ሊደርቅ አይችልም። መምረጫውን ወደ ውጭ አየር መልሶ፣ ማሞቂያውንና ካለ ኤሲውን (የአየር ማቀዝቀዣውን) አብሮ መክፈት ነው፤ ኤሲው ከአየሩ ላይ እርጥበቱን ስለሚቀንስ በክረምትም ይጠቅማል።

ዝግጅት

ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ግማሽ ቀን ይመድብ። ባለ መስቀልና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ባለ ቀጭን አፍ ፒንሳ፣ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ናስትሮ፣ የእጅ ባትሪ፣ ለስላሳ ጨርቅና ብሎኖቹን ለይቶ ማስቀመጫ የሚሆኑ ጥቂት ስኒዎች ይበቃሉ። ጫፉ ማግኔት የሆነ ካቻቢቴ ቢገኝ እጅግ ጥሩ ነው፤ ወደ ዳሽቦርዱ ሆድ የወደቀች አንዲት ብሎን ለማውጣት ከሙሉ ሥራው የበለጠ ጊዜ ልትወስድ ትችላለች። ፕላስቲክ ለመፈልቀቅ የብረት ካቻቢቴ ጠርዙን ስለሚያቆስል፣ ጫፉ የሳሳ እንጨት ወይም በናስትሮ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይሻላል።

መኪናው ፀሐይ ላይ ጥቂት ቢቆይ መልካም ነው። ያረጀ ፕላስቲክ በጅማ የማለዳ ቅዝቃዜ ሲጎትቱት ቀንጠስ ይላል፤ ረፋድ ላይ 4 ሰዓት አካባቢ ሞቅ ሲለው ግን ክሊፖቹ ሳይሰበሩ ይላቀቃሉ። ለቆየ መኪና የተሰበረ የዳሽቦርድ ሽፋን ፈልጎ ማግኘት መርካቶም ቢዞሩ አድካሚ በመሆኑ፣ ይህን ትዕግሥት አቅልሎ ማየት አይገባም።

ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ያውጡና በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈትተው ባትሪውን እንዳይነካ በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ጎን ያድርጉት። ቴፑ የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ቁጥሩን አስቀድመው ይያዙ። መኪናው ኤርባግ ካለው ገመዱ ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይጠብቁ ዳሽቦርዱን መንካት የለብዎትም፤ ኤርባጉን የሚያነሣው ክፍል ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይዞ ይቆያልና። እኔ ሁልጊዜ 5 ደቂቃ እጠብቃለሁ። ቢጫ ቀለም ያላቸው ሶኬቶችና ሽቦዎች በብዛት የኤርባግ ስለሆኑ አይፈቱ፣ በቴስተርም አይለኩ።

አፈታት

የማዞሪያዎቹ ራሶች ብዙውን ጊዜ የተሰኩ ብቻ ናቸው። ጨርቅ ጠቅልለው ሳያዘነብሉ በቀጥታ ወደ ራስዎ ይሳቧቸው፤ በማንሸራተቻ የሚሠሩትም ጫፋቸው እንዲሁ ይወጣል። ከዚያ የመሀሉን የፕላስቲክ ሽፋን የያዙትን ብሎኖች ይፈልጉ፤ ከማዞሪያዎቹ ጀርባ፣ ከመተርኮሻው በላይ፣ ከቴፑ ሥር ወይም ምንም ቁልፍ በሌለባቸው ባዶ ክዳኖች ሥር ተደብቀው ሊገኙ ይችላሉ። ሽፋኑ በልኩ ተስቦ አልወጣ ካለ የቀረ ብሎን አለ ማለት ነው፤ ኃይል መጨመር ሳይሆን ፍለጋ መጨመር ያስፈልጋል። ሽፋኑ ሲላቀቅ የአደጋ ጊዜ መብራት ማብሪያው፣ የሲጋራ መለኮሻው ወይም ሰዓቱ ሽቦውን እንደያዘ ስለሚመጣ፣ በአንድ እጅ ደግፈው በሌላው የሶኬቱን ምላስ ተጭነው ያላቁት። ሶኬት የሚሳበው በፕላስቲኩ እንጂ በሽቦው አይደለም።

መቆጣጠሪያውን ራሱን ሦስት ወይም አራት ብሎኖች ይይዙታል። የተለያየ ርዝመት ካላቸው የትኛው ከየት እንደወጣ ለይተው ያስቀምጡ፤ አጭሩ ቦታ ላይ የገባ ረጅም ብሎን ከጀርባ ያለውን ሽቦ ሊበሳ ይችላል። ብሎኖቹ ከወጡ በኋላ መቆጣጠሪያውን ወደ ፊት የሚስበው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ካቦዎቹ አጭር በመሆናቸው ከጥቂት ጣቶች ርቀት በላይ አይመጣም፤ ጠንክሮ የሳበው ሰው ካቦውን ያጥፈዋል፣ የታጠፈ ካቦ ደግሞ ተመልሶ አይቃናም። ስለዚህ ከዚያው ላይ ቆም ብለው በስልክዎ ከላይም ከጎንም ፎቶግራፍ ያንሡ።

ካቦው በቱቦ መሰል ሽፋን ውስጥ የሚንሸራተት ቀጭን የብረት ሽቦ ነው። የሽቦው ጫፍ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ከመዘውሩ ወይም ከበሩ ክንድ ትንሽ ምሰሶ ላይ ይጠልቃል፤ ሽፋኑ ደግሞ ትንሽ ፈንጠር ብሎ በክሊፕ ተጨብጦ ይያዛል። ሁሉም ልክ የሚወሰነው ክሊፑ ሽፋኑን በያዘበት ነጥብ ነው። ስለዚህ ክሊፑን ከማላቀቅዎ በፊት በሁለቱም ጠርዙ በኩል በሽፋኑ ላይ በጥፍር ቀለም ቀጭን ምልክት ያድርጉ፤ ለእያንዳንዱም ካቦ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ይሰሩበት። ይህ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ እኔን ዝናብ ላይ ያስቆመኝን ዓይነት ስሕተት ያስቀራል። ከዚያ ክሊፑን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ በቀስታ አንሥተው ቀለበቱን ከምሰሶው ያውጡ። በአንዳንድ መኪኖች ካቦው ከመቆጣጠሪያው በኩል ስለማይፈታ መጀመሪያ ከታች፣ ከሳጥኑ በኩል መላቀቅ አለበት፤ የሙቀቱን ካቦ ጫፍ ከነዳጅ መስጫው ፔዳል በላይ በመሀሉ በኩል፣ የውጭና የውስጥ አየር መምረጫውን ደግሞ የተሳፋሪውን የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥን አውጥተው ይፈልጉት።

የማራገቢያውን ማብሪያ ሶኬት ሲያላቅቁ ፕላስቲኩ ቡናማ መሆኑን ወይም መቅለጡን ልብ ይበሉ። ቀልጦ ከተገኘ ማብሪያውን ብቻ መቀየር አይበቃም፤ ያረጀና የከበደው ማራገቢያ ከልኩ በላይ ኃይል እየሳበ ሊሆን ስለሚችል አዲሱም ማብሪያ ይቃጠላል። ማራገቢያው በእጅ ሲሽከረከር ቀልሎ መዞር አለበት፤ በቅጠል የታጨቀ ከሆነ ይጽዳ። ዛፍ በበዛበት ከተማችን ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር መግቢያ ቅጠል መግባቱ የተለመደ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ጉዳይ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በሬዚስተሩ ላይ ሙቀት ሲያልፍበት የሚቆረጥ መከላከያ አለ፤ ሲቆረጥ በሽቦ አገናኝቶ መመለስን እንደ ብልሃት የሚቆጥሩ አሉ። ያ መከላከያ የተሠራው ሬዚስተሩ ግሎ እሳት እንዳያስነሣ ነው። በቀጥታ ያገናኘው ሰው ከእግሩ ሥር የእሳት ምክንያት አስቀምጦ ይነዳል፤ ሙሉውን ሬዚስተር መቀየር ብቻ ነው ትክክሉ።

ከገጠማ በፊት

መቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ላይ እያለ አቧራው በደረቅ ብሩሽ ይራገፍ። ቤንዚንም ሆነ የሞተር ዘይት ፕላስቲኩን ሊጎዳ ስለሚችል አይነካው፤ ለፕላስቲክ የሚሆን ግራሶ በክብሪት እንጨት ጫፍ ያህል በጥርሶቹ ላይ ማድረግ ይበቃል። የተቃጠለ አምፖል ካለ ለመቀየር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም።

ካቦዎቹ ከተላቀቁ በኋላ የየበሩን ክንድ በጣትዎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንቀሳቅሱ። በሩ ቀልሎ ሄዶ በሁለቱም ጫፍ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በእጅ የማይንቀሳቀስ በር በአዲስ ካቦም አይንቀሳቀስም፤ መንሥኤው ሳይታወቅ ካቦ መግጠም ካቦውን ማጠፍ ነው።

ካቦ መለወጥ ካስፈለገ ርዝመቱ ከአሮጌው ጋር እኩል መሆን አለበት። መለዋወጫው ሲጠፋ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ የሚገጥሙ አጋጥመውኛል፤ አይሆንም። የፍሬን ሽቦ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደና ለስላሳ ስለሆነ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። የማሞቂያ ካቦ ግን አንድ ወጥ ጠንካራ ሽቦ ሆኖ ሲሳብ በሩን ይከፍታል፣ ሲገፋም ይዘጋዋል። በፍሬን ሽቦ የተተካ ማሞቂያ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ በኋላ አይመለስም። ከሌላ ተመሳሳይ መኪና የተፈታ አሮጌ ካቦ፣ ያልታጠፈና ያልዛገ እስከሆነ ድረስ፣ ከዚህ እጅግ ይሻላል።

አገጣጠም

ካቦዎቹን መጀመሪያ ከመቆጣጠሪያው ጋር ያገናኙና ቀድሞ በነበሩበት መንገድ ወደ ሳጥኑ ይምሯቸው። ከቴፑ ብረት ጀርባ እንዳይጨፈለቁ፣ በጠባብ እንዳይታጠፉ፣ ከሁሉም በላይ ወደ ፔዳሎቹና ወደ መሪው ዘንግ እንዳይጠጉ ይጠንቀቁ። ሶኬቶቹን ሰክተው መቆጣጠሪያውን በሁለት ብሎኖች ብቻ ያስይዙ፤ የፊቱ ሽፋን ገና አይገባም።

አሁን ዋናው ልክ ይያዛል። ከሙቀቱ ካቦ እንጀምር። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀዝቃዛው ያዙሩት። ከታች ደግሞ የበሩን ክንድ በጣትዎ እስከ መጨረሻው ወደ ቀዝቃዛው ገፍተው በዚያው ይያዙት። ቀለበቱን ምሰሶው ላይ ያጥልቁ፤ የካቦውን ሽፋን ከክንዱ ራቅ ወደሚያደርገው አቅጣጫ በቀስታ ሳብ አድርገው ልልነቱን ካጠፉ በኋላ ክሊፑን ይዝጉ። የጥፍር ቀለሙ ምልክት ከክሊፑ ጠርዝ ጋር መግጠም አለበት፤ ካቦው አዲስ ከሆነ ግን ምልክት ስለሌለ የሚመሩት በበሩ ጫፍና በማዞሪያው ጫፍ መገጣጠም ብቻ ይሆናል። የአቅጣጫውም፣ የአየር መግቢያውም ካቦ በዚሁ ሕግ ይገጠማል፤ ማዞሪያውና በሩ በአንድ ጊዜ በአንድ ዓይነት ጫፍ ላይ እያሉ ክሊፑ ይዘጋል። የትኛው ጫፍ እንደሚመረጥ የመኪናው የጥገና መጽሐፍ የሚናገር ከሆነ እርሱን ይከተሉ።

ከዚያ ማዞሪያውን ወደ ሙቁ ጫፍ ወስደው እጅዎን ይልቀቁ። ጥቂት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ በሩ ከማዞሪያው ቀድሞ ጫፍ ደርሷል ማለት ነው፤ ክሊፑን ከፍተው ሽፋኑን በትንሹ ያንቀሳቅሱ። ማዞሪያው ጫፍ ደርሶ በሩ ገና በእጅ የሚገፋ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውን ያድርጉ። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም የተለመደ ስለሆነ አይሰልቹ። በሞተሩ ክፍል ቫልቭ ያለው መኪና ከሆነ እርሱንም እንዲሁ ያስተካክሉ፤ ነገር ግን ቱቦው ሲሞቅ ስለሚያቃጥል ሞተሩ በርዶ መሆን አለበት።

ሽፋኑ ከመገጠሙ በፊት ባትሪውን መልሰው ይሞክሩ። ማራገቢያው በየፍጥነቱ ይንፈስ፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ቀጭን ሶፍት ከአየር መውጫዎቹ ፊት ይዘው አየሩ በትክክል ከታዘዘበት መውጣቱን ይመልከቱ። የውስጥ አየር ሲመረጥ የማራገቢያው ድምፅ ጎላ ማለት አለበት። መኪናውን ደጅ አቁመው ሞተሩን 10 ደቂቃ ያህል ካሞቁ በኋላ ሙቀቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈትኑ። በመጨረሻም በሮቹን ዘግተው ክዳኑ የተከፈተ ፔርሙስ ፍል ውሃ መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ፤ የፊት መስታወቱ ሲልበው ፔርሙሱን ከድነው ማዞሪያውን ወደ መስታወቱ፣ መምረጫውን ወደ ውጭ አየር፣ ሙቀቱን ወደ ሙቅ ያድርጉ። ጉሙ ከታች ጀምሮ እየተገፈፈ ወደ ላይ ከሄደ ሥራው በልኩ ተሠርቷል። የኤርባግ መብራትም ቁልፉ ሲከፈት በርቶ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ መጥፋት አለበት።

ይህ ሁሉ ከተረጋገጠ በኋላ ባትሪውን እንደገና ፈትተው ሽፋኑን፣ ማብሪያዎቹንና ማዞሪያዎቹን ይመልሱ። ብሎኖቹ የሚገቡት ፕላስቲክ ውስጥ ስለሆነ በእጅ ኃይል ብቻ እስኪይዙ ይጥበቁ፤ ቀዳዳው ከተበላ ሽፋኑ በኮብልስቶን መንገድ ላይ ሲንጫጫ ይኖራል። በመጀመሪያው ሳምንት አዲስ የመንጫጫት ድምፅ ከሰሙ ያልገባ ክሊፕ አለ። ወደ ጊቤ ሲወርዱ ማዞሪያው ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ እያለ ኤሲው ጠፍቶ የሚነፍሰው አየር ከውጩ በግልጽ የሚሞቅ ከሆነም የሙቀቱ በር ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ያን ጊዜ የሚከፈተው ሽፋኑ ሁሉ ሳይሆን ከፔዳሉ በላይ ያለው አንዱ ክሊፕ ብቻ ነው።